ባስልዮስ ጊዜውን ከየት ያመጣው ነበር?

ለቀብር ሳንገኝ ስንቀር የምንሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ ሥራ በዛብን እንላለን። መቀጫችንን ከፍለን ደረሰኙን ኪሳችን ስንከት ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስለናል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም፤ ጡሩምባው ሲነፋ ሰምተን ጋቢያችንን ጭንቅላታችን ላይ የሳብንበት ማለዳ ነበር። ታዲያ ጊዜ አጣሁ ቢል ማንም የማይፈርድበት ሰው ማን ነበር ብለን ስናወጣ ስናወርድ የቂሣርያው ባስልዮስ ትዝ አለን። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትጠቀምባቸው 14ቱ ቅዳሴዎች አንዱ በስሙ ስለሚጠራ ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው። ኑሮውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ባስልዮስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ ነው። አገሩ ቀጰዶቅያ፣ ከተማው ቂሣርያ ሲሆን ይህች ከተማ ዛሬ በቱርክ አገር ካይሰሪ ትባላለች። አባቱ የንግግር ጥበብ አስተማሪ ነበር። እሱም በቁስጥንጥንያና በአቴና ተምሮ፣ በአቴናም ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋር የልብ ወዳጅ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ዓለሙን ትቶ በጶንጦስ አገር በወንዝ ዳር በምንኩስና ተቀመጠ። ያን ጸጥታ እጅግ ይወደው ነበር። ሆኖም ብቻውን የሚኖር መነኩሴ እግሩን የሚያጥብለት ሰው ከየት ያገኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ፣ ማኅበር ውስጥ መኖርን አስበለጠ።

በ369 አካባቢ በቀጰዶቅያ ረሃብ ገባ። ረሃብ ምን እንደሆነ የ1966ቱንና የ1977ቱን ላየ አገር መንገር አያስፈልግም። ቂሣርያ ከባሕር የራቀች ስለሆነች እህል በመርከብ የሚመጣበት መንገድ አልነበረም፤ እህል ያለውም ሰው ዋጋው ይውጣልኝ ብሎ ጎተራውን ዘግቶ ተቀመጠ። ባስልዮስ ያን ጊዜ ቄስ ነበር፤ የጳጳሱም ቀኝ እጅ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ሁሉ በጫንቃው ላይ ነው። ባለጠጎቹን በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ። ስብከቱ ብቻ በበቃው ነበር። እሱ ግን የተራበውን ሕዝብ ወንድ ሴት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ በትልልቅ ድስት ሾርባ አስጥዶ፣ ጨው የገባበት ሥጋ አቅርቦ፣ ወገቡን ታጥቆ ከአገልጋዮቹ ጋር ያስተናግድ ጀመር።

በ370 ጳጳስ ሆነ፤ ሥራውም የባሰ በዛ። ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌንስ የአርዮሳውያን ደጋፊ ስለነበረ ሹሙን ሞደስቶስን ልኮ በመወረስ፣ በግዞት፣ በሞትም አስፈራራው፤ ባስልዮስ ንቅንቅ አላለም። ግዛቱን ለሁለት ከፈሉበት። ጉበቱንም ያመው ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ከከተማው ውጭ ለመንገደኛ ማረፊያ፣ ለበሽተኛ ሐኪምና አስታማሚ ያለበት ትልቅ ቤት አሠራ። ሰው የሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሳይጸየፍ ይስማቸው ነበር ይባላል። ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ከ300 በላይ ለዛሬ ደርሰዋል። ብዙዎቹ የሰው ጉዳይ ናቸው። በታውሮስ ተራራ ብረት የሚያወጡ ድሆች ግብሩ እንዲቀልላቸው የለመነው ማንን ቢሉ፣ ያንኑ ያስፈራራውን ሞደስቶስን ነው!

ግን እሱም ሰው ነበር። በዚያ የሥልጣን ትግል ጊዜ ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል አቧራማ የመንገድ ዳር መንደር ላይ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ መሣሪያ ተደረግሁ ብሎ ክፉኛ አዘነ፤ ወዳጅነታቸውም ቀዘቀዘ። በእኛ ግምት የሥራ ብዛት የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይኸው ነው፤ ቅርብ የምንለውን ሰው እንደ ዕቃ ያስቆጥረናል።

በ378 የጦር አለቃው አሪንቴዎስ ሞተ። ባስልዮስ ራሱ ሊሞት ጥቂት ነው የቀረው። ለሟቹ ሚስት በጻፈው ደብዳቤ፣ ከጎኗ መገኘት እንደሚገባው ነገር ግን ሰውነቱ ረጅም መንገድ እንዳልቻለለት ገልጾ፣ ቀርቶ አልቀረም፤ እንደ አቅሙ በሰፊው አጽናናት። እኛ እንዲህ ያለ እውነተኛ ምክንያት ስናገኝ አንዲት ቃል እንኳ እንልካለን?

ጥር 1 ቀን 379 በእነሱ አቆጣጠር፣ 50 ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ ብዛት ለጉድ ነበር፤ በግፊያው የሞቱ እንደነበሩ ተጽፏል። ክርስቲያን ያልሆነውም፣ አይሁዱም አልቅሷል። ጎርጎርዮስ ግን አልነበረም፤ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። የሳሲማውም ቅሬታ ከልቡ አልወጣም ነበር። ሆኖም ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ቂሣርያ ድረስ ሄዶ፣ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ የወዳጁን ኑሮ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ተናገረ። የሾርባውን ነገር ያወቅነው ከዚያ ንግግር ነው።