ዓፄ ቴዎድሮስና የደላንታ መንገድ

ዛሬ ነገ ማለት ሥራን እንደሚገድል በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ምክሩን ለጊዜው እናቆየውና አንድ ሰው ከባድ ሥራን እንዴት አድርጎ እንደ ጀመረ፣ የተጀመረውም ለምን እንዳልዘለቀ የሚያሳይ የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ታሪኩ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ከሲሪንቃ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ደጋውን የወጣ ሰው የሚያገኘው የዋድላና የደላንታ አገር፣ ዓፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ወራታቸውን ድንጋይ ሲያነሡ ያሳለፉበት አገር ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም ሸፈቱ፤ መሳፍንቱን ተራ በተራ አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ሁሉም ሰው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለሚያውቀው አናስረዝመውም።

እኛን የሚገርመን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ወታደሩ የገበሬውን ጎተራ እያራገፈ መኖሩ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቆረጥለት፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ አራሹ ወደ እርሻው ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዘዙ። ደብዳቤያቸውንም በአማርኛ ያጽፉ ነበር፤ ይኸ ለእኛ ለእጩ መምህራን ትንሽ ነገር አይደለም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው! ሌላው ንጉሥ ቢሆን ዘውዱ ይርጋ ብሎ ዓመት ሁለት ዓመት ይጠብቅ ነበር።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ቦታ፣ ከአውሮፓ የመጡትን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ ደግሞ መድፍ ሠርተው አያውቁም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ታዲያ ንጉሡ ነገሩ ይቆይ አላሉም፤ እንደገና አስሞከሩ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ በመጨረሻ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ስንቁን በትከሻው ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ የቀናት መንገድ ነው። መድፍ በጋሪ እየጎተቱ ለሚሄዱ ግን መንገድ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ሊሄዱበት መጀመሪያ መሥራት አለባቸው። ጋይንትን አልፈው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ ወደ 1 ሺህ ሜትር የሚጠልቀውን የጅዳን ገደል ወርደው ደላንታን መውጣት፣ ከዚያ ደግሞ በሽሎን መሻገር ነበረባቸው። ንጉሡ ከጎሕ መቅደድ እስከ ማታ ከሥራው አይለዩም፤ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሣሉ፣ ጉድባውን ይሞላሉ፣ አለቱ በባሩድ ሲፈለጥ እዚያው ናቸው። ሴባስቶፖልን የሚጎትቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ገደሉን ባንድ ላይ ያየ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ እሳቸው ግን የዕለቱን የዕለቱን ብቻ እየሠሩ ስድስት ወር ያህል ቆይተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ።

ለልምምድ ትምህርት የሚወጣ ጓደኛችን የወሩን የትምህርት ዕቅድ በሙሉ አንድ ሌሊት ላይ እሠራለሁ ብሎ ሲደክም ስናይ ይኸ መንገድ ትዝ ይለናል።

ይሁን እንጂ የወሎ ልጆች ነንና ስለ ቴዎድሮስ ስናወራ ልባችን ሁለት ነው። ወሎ ላይ ለዓመታት ዘምተዋል፤ አገሩ ተቃጥሏል፣ ሰው እጅና እግሩን ተቆርጧል። ጭካኔውን ደብቀን ታታሪነቱን ብቻ ብናወድስ ታሪክ አስተማርን ለማለት አንችልም።

ለምንድን ነው ታዲያ ያ ሁሉ ሥራ ያልቆመው? በእኛ አስተያየት ሥራው በሙሉ የሚሄደው እሳቸው በቆሙበት ብቻ ስለ ነበረ ነው። ደመወዝ ታዘዘ፤ የሚከፈልበት ገንዘብ ግን በዓመቱ የሚገባበት መንገድ አልተበጀም። ከቤተ ክርስቲያን መሬት ለማግኘት ሲሞክሩ ካህናቱ ተቀየሙ፤ ወታደሩም ተመልሶ ገበሬውን በላው፣ ገበሬው ሸሸ፣ ሠራዊቱ እየከዳ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀረ። ጋፋትም ቢሆን ባለሙያዎቹ ወደ መቅደላ ሲወሰዱ ያው ዝም አለች። ሥራን መጀመር የአንድ ሰው ቁርጠኝነት ይበቃው ይሆናል፤ ለማዝለቅ ግን አንተ በሌለህበት ቀን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን በቁጣ አታገኘውም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የመንገዱ ነገር ነው። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ዋድላ ሲደርስ ያ መንገድ ተሠርቶ ጠበቀው። የጅዳን ገደል የወረደው ንጉሡ በእጃቸው በደለደሉት መንገድ ነው። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። መቅደላ ላይ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሄዱ፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር ናቸው። ሴባስቶፖል ግን የሚያነሣው ስላልተገኘ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይታያል።