ቮልቴር፦ ለማያውቀው ሟች አቤት ያለው ጸሐፊ

ማርች 10 ቀን 1762 እ.አ.አ በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው የቱሉዝ ከተማ ዣን ካላስ የተባለ የ63 ዓመት የጨርቅ ነጋዴ በአደባባይ፣ በመንኮራኩር ላይ ተጋድሞ አጥንቱ ተሰባብሮ ተገደለ። የተፈረደበት የገዛ ልጁን አንቆ ገድሏል ተብሎ ነው። ፍርዱ በተሰጠ ልክ በሦስተኛው ዓመት ያው ፍርድ ተሽሮ የሟቹ ንጽሕና በፓሪስ ታወጀ። ለዚህ ያበቃው በስደት ያረጀ፣ ካላስን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ አንድ ጸሐፊ ነበር። እርሱም ቮልቴር ነው።

የልደት ስሙ ፍራንስዋ ማሪ አሩዌ ይባላል። በ1694 እ.አ.አ በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ልጃቸው የሕግ ሰው እንዲሆን ቢመኙም የእርሱ ልብ ወደ ድርሰት አደላ። በ1717 የንጉሡን እንደራሴ የሚነካ ግጥም ጽፏል ተብሎ በባስቲል እስር ቤት 11 ወራት ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ቮልቴር በሚለው የብዕር ስሙ ታወቀ። በ1726 ደግሞ ከአንድ ትልቅ መስፍን ጋር ቃላት ቢለዋወጥ የመስፍኑ አሽከሮች በመንገድ ላይ ደበደቡት። አስደብዳቢው ሳይጠየቅ ተደብዳቢው ዳግመኛ ባስቲል ገባ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። አበው በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታስቆጫለች ይላሉ። ያ ቁጭት ከቮልቴር ጋር ዕድሜ ልኩን ኖረ።

በ60ዎቹ ዕድሜው ከጄኔቭ አጠገብ በምትገኘው የፈርኔ መንደር ርስት ገዝቶ ተቀመጠ። ቦታው የተመረጠው በብልሃት ነው፤ የፈረንሳይ ሹማምንት ቢያሳድዱት ድንበሩን ለመሻገር ቅርብ ነበር። የካላስን ወሬ የሰማውም በዚሁ ቤቱ፣ ከደቡብ ፈረንሳይ ከመጣ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ማንን ማመን እንዳለበት አልቆረጠም። ስለዚህ በጄኔቭ የተጠለለውን የካላስን ልጅ ዶናን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ለሚያውቃቸው ባለሥልጣናትና ነጋዴዎችም ደብዳቤ ጻፈ።

ያገኘው እውነት ይህ ነበር። ኦክቶበር 13 ቀን 1761 ማታ፣ ቤተሰቡ ከአንድ እንግዳ ጋር እራት በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ የበኩር ልጁ ማርክ አንቷን በምድር ቤት ሞቶ ተገኘ። በዚያ ዘመን ራሱን የገደለ ሰው ሬሳ በፊቱ ተደፍቶ በየመንገዱ ይጎተት ነበር። ቤተሰቡ ይህን ውርደት ሽሽት ልጃችንን ሰው ገደለብን አሉ፤ በኋላ ግን ተሰቅሎ እንዳገኙት ተናገሩ። ይህ የቃል መለዋወጥ ጎዳቸው። ካላስ ፕሮቴስታንት ነበርና፣ ልጁ ካቶሊክ ሊሆን ስለነበር ገደለው የሚል ወሬ በከተማው ተናፈሰ። በየቤተ ክርስቲያኑም ይህንኑ ወሬ እንደ እውነት ቆጥሮ ምስክር የሚጠራ ጽሑፍ ተነበበ። ማታውን ከቤተሰቡ ጋር የነበረችው የቤት ሠራተኛ ጽኑ ካቶሊክ መሆኗን ግን ማንም ልብ አላለም።

ከ13 ዳኞች 8ቱ ሞት ፈረዱ። ካላስ ከመገደሉ በፊት ግብረ አበሮቹን እንዲናገር በሥቃይ ተመረመረ፤ እስከ መጨረሻው ግን ንጹሕ ነኝ ከማለት አልተመለሰም።

ቮልቴርን ይበልጥ ያስቆጣው የአሠራሩ ስውርነት ነው። ምርመራው በዝግ ይካሄዳል፤ ዳኞች የፍርዳቸውን ምክንያት እንዲገልጹ አይገደዱም። በቱሉዝ የማስረጃ ሩብና ስምንተኛ እየተባለ ጥርጣሬ በጥርጣሬ ላይ ተደምሮ እንደ ሙሉ ማስረጃ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የቮልቴር አቤቱታ ምሕረት የሚለምን አልነበረም፤ መዝገቡ ይውጣ፣ ምክንያቱ ይታይ የሚል ነበር።

የካላስን ባልቴት ወደ ፓሪስ እንድትሄድ አግባባ፤ ወጪዋንም ቻለ። ኤሊ ደ ቦሞንን የመሰሉ ስመ ጥር ጠበቆች እንዲቆሙላት አደረገ። ለሚኒስትሮች፣ ለመሳፍንትና ለቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ደብዳቤ አዘነበ። የቤተሰቡን ቃል በትንንሽ ጽሑፎች አሳትሞ በአውሮፓ አሰራጨ፤ በ1763 ስለ መቻቻል የጻፈውን መጽሐፉን አወጣ። በችሎት ተዘግቶ የነበረው ጉዳይ በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ።

ማርች 7 ቀን 1763 የንጉሡ ምክር ቤት የቱሉዝ ፍርድ ቤት መዝገቡን እንዲልክ አዘዘ። በጁን 1764 ፍርዱ ተሻረ። ማርች 9 ቀን 1765 ጉዳዩን እንደ አዲስ የመረመሩት 40 ዳኞች በአንድ ድምፅ ካላስን ነጻ አሉት። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ለቤተሰቡ 36,000 ሊቭር ሰጡ። የቱሉዝ ዳኞች ግን ስሕተታቸውን አላመኑም።

ቮልቴር በዚህ አላረፈም። ልጁን በጉድጓድ ጥሎ ገድሏል ተብሎ በሌለበት ሞት ለተፈረደበት ለሲርቨን ዓመታት ሙሉ ተሟገተ፤ ሲርቨን በ1771 ነጻ ወጣ። ሁሉም ግን አልሰመረለትም። ሃይማኖትን ሰድቧል የተባለው ወጣቱ ደ ላ ባር በጁላይ 1766 በአብቪል ከተማ አንገቱ ተቀላ። ከሬሳው ጋር የቮልቴር መጽሐፍ አብሮ ተቃጠለ።

ያ ዓመት አንድን ሰው ማዳን ብቻ እንደማይበቃ አሳየው። ጣሊያናዊው ቤካሪያ ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው መጽሐፍ ላይ ማብራሪያ አሳትሞ፣ ሥቃይን፣ የዝግ ምርመራንና ከጥፋቱ የማይመጣጠን ቅጣትን ነቀፈ። በጁራ ተራሮች ለሚኖሩ የሳን ክሎድ ገዳም ገባሮችም አቤቱታ ጻፈ።

ሜይ 30 ቀን 1778 በ83 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ልጁ ለዓመታት አቤት ያለለትና ቮልቴርም የተሟገተለት የጄኔራል ላሊ የሞት ፍርድ መሻሩን ሰምቶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ጋር በነበረው ጠብ በፓሪስ የመቃብር ቦታ ስላልተፈቀደለት ሬሳው በምስጢር ወደ ሻምፓኝ ተወሰደ።

የለመነው ማሻሻያ የመጣው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው። ተከሳሽን ለማሳመን የሚፈጸመው ሥቃይ በ1780 ቀረ፤ በ1787 ፕሮቴስታንቶች ጋብቻና ልደታቸው በሕግ ታወቀላቸው፤ በ1788 ከሞት ቅጣት በፊት የሚፈጸመው ሥቃይም ተከለከለ። በጁላይ 1791 ዐፅሙ በታላቅ ሰልፍ ወደ ፓንቴዎን ሲገባ፣ በተሸከመው ሠረገላ ላይ የካላስ፣ የሲርቨንና የላ ባር ስሞች ተጽፈው ነበር።