ሁለት ድምፅ በአንድ ሰው፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ጊታር ይዞ ብቻውን ጃዝ መጫወት የሚማር ሰው ከጣቶቹ ይልቅ የሚያስቸግረው ጆሮው ነው። አውራ ጣቱ ከታች ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይጫወታሉ። ሁለቱ መስመሮች፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ፣ እየተጠያየቁና እየተመላለሱ እኩል መራመድ አለባቸው። ፈረንጆቹ ይህን ካውንተርፖይንት ይሉታል። የጀርመኑ ባኅ በአንድ ቫዮሊን ብቻ ብዙ ድምፅ ያሰማበት፣ አሜሪካዊው ጆ ፓስም እ.ኤ.አ. በ1973 «ቨርቹዎሶ» የተሰኘውን አልበም ያለ አንድ አጃቢ የቀረጸበት ጥበብ ይኸው ነው። መምህራኑ ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ደግሞ ቀላል ይመስላል፦ አንዱን መስመር ተጫወት፣ ሌላውን በአፍህ ዝፈን። የሞከረው ግን ያውቀዋል፤ እጅና ጉሮሮ ተለያይተው እንዲሄዱ ማድረግ የወራት ሥራ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ምክር አዲስ አይደለም። አዝማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚለማመደው እሱኑ ነውና። ይህንን ጥበብ በሸክላ አስቀርጸው ካስቀሩልን ሰዎች መካከል ደግሞ ቀዳሚው የሰሜን ሸዋው ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር በጤፉ ስሙ የታወቀ፣ ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ደጋ ወደ ቆላው ወረድ ያለ አገር ነው። በዚያን ጊዜ የሸዋ ቤተ መንግሥት ከአንኮበር ገና እየተነቀለ ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ተሰማ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ። ያደጉበት ዘመን እንግዲህ አሮጌው የአንኮበር ሥርዓትና አዲሱ የአዲስ አበባ ኑሮ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ዘመን ነበር። በመኳንንቱ ግብር ላይ አዝማሪ ያዜማል፣ ያወድሳል፣ ደፈር ሲልም በቅኔ ይወጋል። ሆኖም አዝማሪው በችሎታው ቢደነቅለትም በሙያው ይናቅ ነበር። ጌታ የሆነ ሰው አዝማሪን ይሸልማል እንጂ ማሲንቆ ይዞ አይቀመጥም።

ተሰማን ወደ ሩቅ አገር ያደረሳቸው ግን ማሲንቆ ሳይሆን መኪና ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አውቶሞቢል ከነከሳቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። መኪናውን የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ስላስፈለገ እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ ከጀርመናዊው ነጋዴ ከአርኖልድ ሆልስ ጋር ወደ ጀርመን ተላኩ። የተላኩበት ሙያ መካኒክነትና ሹፌርነት ነበር። በዚያ በቆዩባቸው ሁለት ዓመታት ግን ማንም ያላዘዛቸውን ሥራ ጨምረው ሠሩ፤ በድምፃቸውና በማሲንቆ አሥራ ሰባት ሸክላዎችን አስቀረጹ። ለገበያ የታተመ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ የሚጀምረው ከእነዚህ ሸክላዎች ነው።

የዘመኑን የቀረጻ አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ማይክሮፎን የሚባል ነገር በሸክላ ቀረጻ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ በትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ አፍ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይቀርጸዋል። ሁለት ጊዜ መሞከር ውድ ነው፣ ቆርጦ መቀጠል የለም፣ ጊዜውም ለአንዱ ፊት ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ግብር ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይዘለቅ የነበረውን ጨዋታ በዚያች ጠባብ ጊዜ መጨረስ ግድ ነበር። የሰምና ወርቁ ባለቅኔ ድምፅ በእውነተኛ ሰም ላይ መቀረጹም ራሱ ቅኔ ይመስላል።

ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ያውም ከፈረስ ጭራ የተገመደ። እንደ ጊታር ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር የተጫዋቹ ጉሮሮ ይሆናል። ጀማሪው አዝማሪ መጀመሪያ ማሲንቆው ድምፁን ተከትሎ እንዲሄድ ያለማምደዋል። ቀጥሎ ድምፁ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው ክፍተቱን እንዲሞላ፣ እንዲመልስለት፣ እንዲያስታውሰው ያደርጋል። በመጨረሻም ጉሮሮው አንዱን ኖታ ዘርግቶ ሲይዝ ጣቶቹ በዚያው ቅኝት ውስጥ ሌላ ጌጥ ይሠራሉ። ይህ ባኅ የጻፈው ዓይነት ካውንተርፖይንት ነው ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም የሚከተሉት አንድ ዜማ ነውና። ቢሆንም አንድ ሰው ሁለት መስመር ባንድ ጊዜ የሚሰማበትን ጆሮ የሚያሠለጥነው በዚሁ መንገድ ነው። አዝማሪው ደግሞ ከጊታር ተጫዋቹ አንድ ሸክም ይበልጠዋል። እጁና ጉሮሮው እየተነጋገሩ ሳለ አእምሮው ሰሙን ለአድማጩ፣ ወርቁን ለሚገባው ሰው እያዘጋጀ ግጥም ይደርድራል።

ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1910 ሲመለሱ የላኳቸው ንጉሠ ነገሥት በሕመም አልጋ ላይ ወድቀው ነበር። መንግሥቱ ወደ ወጣቱ አልጋ ወራሽ ወደ ልጅ ኢያሱ እያዘነበለ ነበር። ተሰማ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ። ነጋድራስ ተባሉ፣ የፖስታ፣ የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ሚኒስትርነትንም ሹመት አገኙ። ማሲንቆ የያዘ እጅ የመንግሥት ማኅተም ያዘ ማለት ነው። አዝማሪን ዝቅ አድርጎ በሚያይ ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነጋድራሱ ግን ቅኔውን ለሹመቱ ሲሉ አልተዉትም።

ሹመቱ ብዙ አልዘለቀም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር በዚያው በሰሜን ሸዋ ምድር፣ ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። የልጅ ኢያሱ ወዳጆች ዕጣ ለተሰማም ደረሳቸው፤ ሹመታቸውንና ሀብታቸውን አጡ፣ ግዞትም ቀመሱ። በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ልጃቸው ይድነቃቸው የተወለደው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ጅማ ነው። ያ ሕፃን አድጎ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ቡድኑን ያሠለጠነው፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕለተ ሞቱ 1987 ድረስ የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የአባቱን ቅኔዎች አሰባስቦ «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፍ ያዘጋጀውም እሱ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ወደ ዘጠና በሚጠጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ከሹመቱ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር ቀረ፤ የነዷት መኪናም የሙዚየም ወሬ ሆነች። ሸክላዎቹ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ከያሉበት ተፈልገው፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው፣ በመቶ ዓመታቸው ገደማ እንደገና ታተሙ። አሁን ማንም ሊያዳምጣቸው ይችላል።

ማዳመጡ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚሰማው የመርፌው ጭረት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዳምጡ ድምፃቸው ይለያል። በሦስተኛው ጆሮን ከድምፁ ነቅሎ ማሲንቆውን ብቻ መከተል ነው፦ የት ይቀድማል፣ የት ይዘገያል፣ ድምፁ ባረፈበት ምን ይመልሳል? ከዚያ በኋላ ሁለቱን ባንድ ላይ። ጊታር ይዞ ሁለት መስመር ባንድ እጅ ማጫወት የሚታገል የአዲስ አበባ ወጣት የጆ ፓስን አልበም ቢያጠና መልካም ነው። ግን እጅና ጉሮሮ እንዴት እንደሚነጋገሩ ለመስማት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልገውም፤ የምንጃሩ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ተሻግረው አስቀርጸውለታል።