ዘርዓ ያዕቆብ፡ በዋሻ ሆኖ እምነቱን የጠየቀው ሊቅ

ከአክሱም ሸሽቶ ሲወጣ የያዘው ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር። በተከዜ አቅራቢያ ባገኘው ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። ዳዊቱን እየደገመ በሚጸልይበት በዚያ ዋሻ፣ የሚጸልይለት አምላክ በእርግጥ ይሰማው እንደሆነ ራሱን ጠየቀ።

ይህ ሰው 'ሐተታ' በተሰኘው የግእዝ ድርሳን የሚታወቀው ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሞክሼ ነው። ሐተታው እንደሚተርከው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዜማ ለመማር ገብቶ ድምፁ ሻካራ በመሆኑ የጓደኞቹ መሳቂያ ሆነ። ስለዚህ ወደ ቅኔ ቤት ተሻገረ፤ በኋላም የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ በአክሱም ማስተማር ጀመረ።

ሁለቱም ወገን የጠላው መምህር

ዘመኑ ለመምህራን አስጊ ነበር። አጼ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ መቀበላቸውና ሕዝቡም እንዲከተል ማስገደዳቸው አገሪቱን ከፋፍሎ ብዙ ደም አፋሷል። ዘርዓ ያዕቆብ ግን የሁለቱንም ወገን ትርጓሜ ጎን ለጎን እያቀረበ ያስተምር ነበር። አንዱን መርጦ ሌላውን ስላላወገዘ ተዋሕዶዎቹ ካቶሊክ፣ ካቶሊኮቹ ተዋሕዶ አድርገው ቆጠሩት። በመጨረሻም አንድ የአክሱም ካህን ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው።

በዋሻው ያስጨነቀው ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ክፉ ሲሠሩ የፈጣሪ ዝም ማለት ነው። እሱን የወለዱትን፣ የወላጆቹንም ወላጆች ማን እንደፈጠራቸው ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲመረምር፣ ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ መኖር አለበት ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ እያንዳንዱ ሃይማኖት የእኔ ብቻ ትክክል ነው ካለ ዳኛው ማን ነው? መልሱ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ነው የሚል ሆነ። በዚህም ሚዛን የባሪያ ንግድን፣ ጋብቻን ዝቅ የሚያደርገውን ምንኩስና እና የጾምን ሕግ ነቀፈ።

ዝምታና ትዳር

አጼ ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን እምነት መልሰው በዚያው ዓመት ሲሞቱ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገባ። በዚያም ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱ አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ እንዳትባል ጠየቀ።

በሰው ፊት ግን እንደ ክርስቲያን እየታየ ሐሳቡን ደበቀ። ቤተ ክርስቲያን በዳግም ትንሣኤ የምታስበው ሐዋርያው ቶማስ ተጠራጥሮ፣ ዳስሶ፣ በጓደኞቹ መካከል አምኗል። ዘርዓ ያዕቆብን ጥርጣሬው ወደ ፈጣሪ ቢመልሰውም ወደ ማኅበሩ አልመለሰውም። ያሰበውን በጽሑፍ ያሰፈረው በ1667፣ በ68 ዓመቱ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው ነው። በ1692 እንዳረፈ የሚነግረንም ይኸው ደቀ መዝሙር ነው።

የተጠረጠረው ተጠራጣሪ

ሐተታው ለዓለም የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያናዊው ካቶሊክ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ከላከው በኋላ ነው። ጣልያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው አለ። ለዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር በበኩሉ ድርሳኑ የኢትዮጵያዊ መሆኑን ተሟገተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ለብዙ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የደራሲ ስም ብቻ አይደለም። ድርሳኑ የአገር ልጅ ሥራ ከሆነ፣ ዴካርት በአውሮፓ ጥርጣሬን የዕውቀት መነሻ ባደረገበት ክፍለ ዘመን፣ አንድ የአክሱም ገበሬ ልጅም ዳዊቱን ሳይጥል ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቋል ማለት ነው። የሚስዮናዊው ሥራ ከሆነ ደግሞ ከዋሻው፣ ከሒሩትና ከደቀ መዝሙሩ ጋር ይህ ሕይወት በሙሉ ልብ ወለድ ይሆናል።