ቶማስ ያንግ፦ የገዛ ዓይኑን ርዝመት የለካው ሐኪም

ሲያትል ውስጥ፣ ከሩቅ ማየት ያዳገተው ሕፃን ለምርመራ ሲቀርብ አገጩን በመሣሪያው ላይ አሳርፎ ለጥቂት ሰከንዶች አንዲት ብርሃን ይመለከታል። መሣሪያው ከዓይኑ ፊት እስከ ሬቲናው ያለውን ርዝመት ይለካል። ማዮፒያ የሚባለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የዓይን ኳስ ከልክ በላይ ሲረዝም ነውና ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በአዋቂ ዓይን የአንድ ሚሊሜትር ትርፍ ርዝመት ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር የሚደርስ የመነጽር ልዩነት ያመጣል።

ይህንኑ ርዝመት ከ200 ዓመታት በፊት በገዛ ዓይኑ ላይ የለካው ሰው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነው። ያንግ በ1773 በሚልቨርተን፣ በኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ ቤተሰብ ውስጥ፣ ከአሥር ልጆች የመጀመሪያው ሆኖ ተወለደ። በሁለት ዓመቱ ማንበብ ቻለ። በልጅነቱ ካጠናቸው ብዙ ቋንቋዎች መካከል የታሪኩ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያንም ይቆጥራሉ። ሕክምናን በለንደን፣ በኤደንብራና በጎቲንገን ተማረ፤ ገና በ21 ዓመቱም የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ።

የዓይንን አሠራር የተነተነበትን ጥናት በኅዳር 1800 ለዚሁ ማኅበር አቀረበ። ያንግ ራሱ ማዮፒያ ነበረበት፤ ዓይኑ ሳይጨነቅ አጥርቶ የሚያየው ከ18 እስከ 25 ሴንቲሜትር ባለው ርቀት ብቻ ነበር። ርቀቱ በአግድምና በቁም መለያየቱን አስተውሎ ዛሬ አስቲግማቲዝም የሚባለውን ጉድለት በራሱ ላይ አገኘ። ርዝመቱን ለመለካት ደግሞ ዓይኑን ወደ አፍንጫው አጥብቆ አዞረና የትናንሽ ቁልፎችን ቀለበት መለኪያ አድርጎ አንዱን ከዓይኑ ኋላ አስጠጋ። ኋላ ያለው ቀለበት ሬቲናውን ሲጫን ብልጭታ ይታየዋል፤ ብልጭታው ከእይታው መስመር ጋር ሲገጥም ትክክለኛውን ቦታ መንካቱን ያውቃል። በመስተዋት እያየም ሌላውን ቀለበት ከፊት ለፊት ያደርጋል። ለማሰብ እንኳ የሚዘገንን ሙከራ ነው። የዓይኑ ሽፋን ውፍረት ተቀንሶ ያገኘው ውጤት 0.91 ኢንች፣ ማለትም 23 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ዛሬ ከሚታወቀው የአዋቂ ዓይን አማካይ ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም።

ያንግ ቀጥሎ ብርሃን እንደ ሞገድ እንደሚጓዝ፣ ሁለት ሞገዶችም ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሊያጎላ ወይም ሊያጠፋ እንደሚችል አስረዳ። የኒውተን ስም በገነነበት ዘመን ሐሳቡ በአንድ የኤደንብራ መጽሔት ላይ ክፉኛ ተነቀፈ። በኋላ ወደ ጥንታዊው የግብፅ ጽሑፍ አዘነበለ፤ በ1829 በ55 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሲሞትም የግብፅ ቋንቋ መዝገበ ቃላቱን እያረመ ነበር።

የተነቀፈው ሐሳብ ግን ወደ ዓይን ሕክምና ተመለሰ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የአልትራሳውንድ መለኪያ በተለመደው አጠቃቀሙ የዓይንን ፊት ይነካል። ማደንዘዣ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ትንሽ ከተጫነም ዓይኑን አሳጥሮ ይለካል። ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ1999 ገበያ ላይ የዋለው የብርሃን መለኪያ ግን ዓይንን አይነካም፤ ከዓይን ተመልሰው የሚገናኙ የብርሃን ሞገዶችን ያነባል፣ ማለትም የያንግን መርህ ይጠቀማል። የሞራ ግርዶሽ ብርሃን ሲጋርድ አልትራሳውንድ አሁንም ተፈላጊ ነው። የሁለቱ ንባብ በጥቂቱ ስለሚለያይ የአንድን ልጅ ዓይን ዘንድሮ በአንዱ፣ ለከርሞ በሌላው መለካት ያልረዘመን ዓይን የረዘመ ሊያስመስል ይችላል፤ የረዘመውንም ሊደብቅ ይችላል።

ያንግ ዓይን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት ተቀባዮች እንደሆነም ገምቶ ነበር። በሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የእነዚህን ተቀባዮች ጂን ሲያጠኑ የኖሩት ጄይ እና ሞሪን ናይትዝ፣ ጎረቤት ተቀባዮች የሚልኩት የጎላ ልዩነት ዓይንን እንዲረዝም ሳይገፋው አይቀርም ወደሚል ሐሳብ ደረሱ። ከዚህም በመነሣት ብርሃንን በጥቂቱ የሚበትኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያሉበት የልጆች መነጽር ተሠራ። መነጽሩ መሥራት አለመሥራቱ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ያንግ በቁልፍ ቀለበት የለካው ያው የዓይን ርዝመት ነው።