ቻርለስ ስቴንት

ቻርለስ ቶማስ ስቴንት (1807 – 1885 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ አገር የጥርስ ሐኪም ነበር። የአፍን ልክ ለመውሰድ የሚያገለግል፣ ሲሞቅ የሚለሰልስና ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ውህድ በማዘጋጀቱ ይታወቃል። የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ እንዲይዝ የሚገባው ቀጭን የሽቦ ቱቦ «ስቴንት» የተባለው በዚህ ሰው ስም እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ሰውየው ግን ሥራው ከአፍ አልወጣም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ትውልድና ዘመን

ስቴንት ኦክቶበር 17 ቀን 1807 በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በብራይተን ከተማ ተወለደ። በሙያው የታወቀው በለንደን ነው።

በልጅነቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሀብታሞች ዕቃ ነበር። መቀመጫው ከጉማሬ ጥርስ በእጅ ይቀረጻል፤ ከፊት የሚደረደሩት ጥርሶች አንዳንዴ ከሞቱ ሰዎች አፍ የተነቀሉ ነበሩ። በ1815 በዋተርሉ ጦርነት ከወደቁ ወታደሮች የተነቀሉ ጥርሶች ለዚሁ ተሽጠዋል። እንዲህ ያለው ጥርስ በደንብ ስለማይገጥም ብዙ ሰው የሚያደርገው ለመልክ ብቻ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ የሚያወልቀውም ነበር።

ሁለት ነገሮች ይህን ለወጡት። በ1846 የኤተር ማደንዘዣ ሥራ ላይ ዋለና ጥርስ ማስነቀል ያን ያህል የሚያስፈራ መሆኑ ቀረ፤ ጥርስ የሌለውም ሰው በዛ። ቀጥሎም በ1850ዎቹ ቮልካናይት የተባለው ጠንካራ ጎማ መጣ። ጎማው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ስለሚሠራ ዋጋው ከጉማሬ ጥርስ እጅግ ያነሰ ነበር። የገባበትን ቅርጽ አንድ ሳያስቀር ስለሚይዝ ደግሞ ልኩ ላይ የነበረው ስሕተት ሁሉ ወደ ሰውየው ድድ ይተላለፋል። ከዚህ በኋላ ጥርሱ መግጠም አለመግጠሙ በአብዛኛው ልክ ሲወሰድ የሚወሰን ነገር ሆነ።

ልክ እንዴት ይወሰዳል?

ሐኪሙ የመንጋጋ ቅርጽ ባለው ትሪ ላይ ለስላሳ ነገር ያደርግና አፍ ውስጥ አስገብቶ ይጫናል። ነገሩ ሲጠነክር ትሪው ይወጣል፤ የድዱና የላንቃው ቅርጽ ተገልብጦ ታትሞበታል። በዚህ ላይ በውኃ የተበጠበጠ ጀሶ ሲፈስበትና ሲደርቅ የአፉን ምስል የያዘ ሞዴል ይገኛል። ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚሠራው በዚያ ሞዴል ላይ ነው።

በ1756 ፊሊፕ ፕፋፍ የተባለው ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም ልክን በሰም ወስዶ ጀሶ የማፍሰሱን ዘዴ በመጽሐፉ ገልጿል። የብረት ትሪ ያስተዋወቀው በ1820 ፈረንሳዊው ደላባር እንደሆነ ይነገራል። ሰም ግን ከአፍ ሲወጣ ይጣመማል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ጀሶው ራሱ በቀጥታ አፍ ውስጥ ይገባ ጀመር። እርሱ ቅርጽ በመያዝ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ጥርስ ባለበት አፍ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ግን ሰባብሮ ማውጣትና ስብርባሪውን ደጅ ገጣጥሞ ማጣበቅ ያስፈልግ ነበር። የታካሚውን ትዕግሥት መገመት አያዳግትም።

በ1847 ኤድዊን ትሩማን የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ጉታ ፐርቻን አቀረበ። ይህ በማላይ አገሮች ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ፣ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ የተሸፈነበት ሙጫ ነው። በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይሸማቀቅና ቅርጹን ያበላሻል።

የስቴንት ውህድ

ስቴንት በ1856 ጉታ ፐርቻውን ሳይጥል ጉድለቱን ለማረም ተነሣ። ሻማ የሚሠራበትን ስቴሪን የተባለ የስብ ውጤት ጨመረበት፤ በዚህም ውህዱ በቀላሉ የሚለሰልስና ቅርጹን አጥብቆ የሚይዝ ሆነ። የታልክ ዱቄት መሙያ ሆኖ ገባ፤ ቀይ ቀለምም ተጨመረ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አዲስ ግኝት አልነበረም። ስቴንት ያደረገው ሁሉም የሚያውቃቸውን ርካሽ ነገሮች መቀላቀል ነው፤ በጽሑፉ አዘጋጅ ግምት ሥራው ተገቢውን ያህል ያልተወራለትም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ውህዱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይታሻል፣ በትሪ ላይ ተደርጎ ይገባል፣ በአፍ ሙቀት ቀዝቅዞ ይጠነክራል። ጠርዙ ካልያዘ ያንን ቦታ ብቻ አሙቆ እንደገና መጫን ይቻላል፤ ጀሶ ይህን ዕድል አይሰጥም። ደካማ ጎኑ ከጠነከረ በኋላ አለመለጠጡ ነው፤ ከላይ ሰፍቶ ከሥሩ የጠበበ ጥርስ ካጋጠመው ሲወጣ ይጣመማል። ስለዚህ ይበልጥ የሚስማማው ጥርስ ለሌለው አፍ ሆነ።

የጥርስ ሐኪም የነበሩት ልጆቹ ቻርለስና አርተር በውህዱ ምርት ሠርተዋል። ስቴንት በ1885 ሞተ። ልጆቹም ካለፉ በኋላ ክላውዲየስ አሽ እና ልጆቹ የተባለው የለንደን የጥርስ ዕቃ አምራች መብቱን ገዝቶ ውህዱን በስቴንት ስም መሸጡን ቀጠለ። ስሙ ባይቀመጥ ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ነገር ሌላ መጠሪያ ይኖረው ነበር።

ስሙ እንዴት ወደ ልብ ደረሰ?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተጎዳ ወታደሮች ይታከሙ ነበር። ሆላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዮሃነስ ኤሰር ከቁስሉ ሥር ኪስ ያበጅና የኪሱን ልክ በለሰለሰ የስቴንት ውህድ ይወስዳል። ከሌላ የሰውነት ክፍል የተነሣ ስስ ቆዳ፣ ጥሬው ወገን ወደ ውጭ ሆኖ፣ በጠነከረው ቅርጽ ላይ ይጠቀለላል፤ ሁለቱም አብረው ኪሱ ውስጥ ገብተው ይሰፋል። ቆዳው ከሥጋው ጋር እስኪያያዝ ድረስ ውህዱ ሳይነቃነቅ ደግፎ ይይዘዋል። ኤሰር ይህን በ1917 ጽሑፉ ሲገልጽ የውህዱን ስም ጠቀሰ። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሃሮልድ ጊሊስም በ1920 ስለ ፊት ቀዶ ሕክምና ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን ተጠቀመበት።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ የውህዱ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ሕብረ ሕዋስን ደግፎ የሚይዝ ማንኛውም ነገር ስቴንት ይባል ጀመር። በ1950ዎቹ ለሐሞት ቱቦ ጥገና የገባ የፕላስቲክ ቱቦ በዚህ ስም ተጠራ። በ1986 ዣክ ፒዌልና ኡልሪኽ ዚግቫርት በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹን ስቴንቶች በሰው የልብ ደም ሥር ውስጥ አስገቡ።

በጥርስ ሕክምና በኩል፣ ጥርስ ላለው አፍ ልክ አሁን በአብዛኛው የሚወሰደው ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔትና በሲሊኮን ነው፤ ሁለቱም ሲወጡ ተለጥጠው ቅርጻቸውን ይመልሳሉ። ከስቴንት ዓይነት የመጣው ውህድ ግን አልጠፋም። ቀዳዳ በሌለው ትሪ ጥርስ የሌለውን አፍ የመጀመሪያ ልክ ለመውሰድ፣ በቀጭን ዘንግ መልክ ደግሞ ለታካሚው ተለክቶ የተሠራን ትሪ ጠርዝ ለማስተካከል ይሠራበታል።