ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና የአንጾኪያ ሕዝብ በመከራ ወራት

የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ንግሥት አውዶክስያን መገሠጹንና በስደት ማረፉን ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በስሙ በሚጠራው ቅዳሴ ስታመሰግን፥ ግንቦት 12 ቀንም መታሰቢያውን ስታከብር ተጋድሎውን ታሳስበናለች። ዛሬ ግን ልናወሳ የወደድነው ከዚያ አስቀድሞ፥ ገና የአንጾኪያ ቄስ ሳለ፥ በፍርሃት የተያዘውን ሕዝብ በአንድ ዐቢይ ጾም እንዴት እንደ ጠበቀ ነው። ካህን በመከራ ቀን ለሕዝቡ ሊነግረው የሚገባውን ከዚህ ታሪክ እንማራለንና።

ዮሐንስ የተወለደው በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሶርያ አገር በአንጾኪያ ከተማ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ፥ እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ መበለት ሆና፥ ሌላ ባል ሳታገባ አሳደገችው። በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከሊባንዮስ ዘንድ የንግግር ጥበብን ተማረ። ከተጠመቀ በኋላም ወደ ተራራ ወጥቶ በምናኔ ኖረ፤ ሁለት ዓመትም ብቻውን በዋሻ ተቀምጦ በጾምና በትጋሃ ሌሊት ተጋደለ። ነገር ግን ሰውነቱ ስለ ታመመ ወደ ከተማው ተመለሰ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ብንቈጥር፥ በ381 ዓ.ም. ዲቁናን፥ በ386 ዓ.ም. ቅስናን ተቀበለ።

ቅስናን በተቀበለ በዓመቱ፥ በ387 ዓ.ም.፥ በከተማዋ ላይ መከራ መጣ። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር ስለ ጣለ፥ ትእዛዙ በተነበበ ጊዜ ከሕዝቡ አንዳንዱ ተቈጥቶ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን፥ የሟቿን ንግሥት የፍላኪላንም ጭምር፥ የቆሙ ምስሎች ገልብጦ በየመንገዱ ጐተተ። በዚያ ዘመን የንጉሥን ምስል ማዋረድ ንጉሡን ራሱን እንደ መድፈር የሚቈጠር፥ በሞት የሚያስቀጣ በደል ነበረ። ቍጣው ወዲያው በረደ፤ በእርሱም ፋንታ ፍርሃት ገባ። ሹሞቹ ብዙዎችን ይዘው ገደሉ። ከተማዋ በሞላ ትጠፋለች ተብሎ ስለ ተፈራ ሰው ሁሉ ወደ በረሃ ይሸሽ ጀመር፤ ገበያውም ባዶ ሆነ።

ያን ጊዜ ጳጳሱ ፍላቭያኖስ እርጅናው ሳይከለክለው፥ እኅቱም ለሞት ተቃርባ ሳለች፥ በብርድ ወራት ተነሥቶ ስለ ሕዝቡ ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። የስብከቱ አደራ በዮሐንስ ላይ ወደቀ። እርሱም የኢዮብ ወዳጆች በኢዮብ አጠገብ ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ ሰባት ቀን ዝም አለ፤ ከሕዝቡም ጋር አዘነ። ከዚያ በኋላ አፉን ከፈተ። በዚያ ወራት ያስተማራቸው ትምህርቶች በ21 ስብከቶች ተሰብስበው እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

በእነዚህ ስብከቶች ከእግዚአብሔር ምሕረትን ተስፋ እንዲያደርጉ አጽናንቷቸዋል። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የደከመው ሕዝቡ የለመደውን መሐላ እንዲተው ነው። አንደበቱ የሳተ ሰው ቀጥሎ ያለውን ማዕድ በመተው ራሱን እንዲቀጣ መከረ፤ አንዱን ነገር መደጋገሙን የሰለቹ ቢኖሩም እስኪታረሙ ድረስ አላቋረጠም። ሰይፍ በተመዘዘበት ከተማ ስለ መሐላ ማስተማር እንግዳ ነገር ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን የንጉሡ ፍርድ በሕዝቡ እጅ አልነበረም፤ አንደበታቸው ግን በእጃቸው ነበረ። ዮሐንስም የፈራው ሰው ሊሠራው የሚችለውን በጎ ሥራ ሰጠው፤ በዚህም ልቡን አጸናው።

ተግሣጽም አልጐደለውም። አንድ ቀን ክፉ ወሬ ተነዝቶ ሕዝቡ በታወከ ጊዜ፥ ክርስቲያን ያልሆነው ሹም ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አረጋጋቸው። ዮሐንስ ሹሙን ስለ ትጋቱ አመሰገነው፤ ምእመናኑን ግን፥ ሌላውን ሊያጽናኑ ሲገባቸው ከማያምን ሰው መጽናናትን በመፈለጋቸው አሳፈራቸው።

የንጉሡ መልእክተኞች ሄሌቢኮስና ቄሣርዮስ በመጡ ጊዜ ቴአትሩን፥ የፈረስ መሽቀዳደሚያውንና መታጠቢያ ቤቶቹን ዘጉ፤ ከተማዋንም ከዋና ከተማነት ክብሯ ሻሩ። ሕዝቡ ስለዚህ ሲያለቅስ፥ ዮሐንስ እውነተኛውን ክብሯን አሳሰበው፤ ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ እንደ ሆነ፥ በረኃብም ዘመን በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ርዳታ የላከችው እርስዋ እንደ ሆነች፥ ይህንንም ክብር ንጉሥ ሊሽረው እንደማይችል አስረዳ። በእነዚያም ቀናት መነኮሳት ከየዋሻቸው ወርደው በመልእክተኞቹ ፊት ስለ ሕዝቡ ቆሙ። ከእነርሱ አንዱ፥ ያልተማረው መቅዶንዮስ፥ የናስ ምስል ዳግመኛ ሊሠራ እንደሚችል፥ የእግዚአብሔር አርአያ የሆነው ሰው ግን ከተገደለ በኋላ ንጉሥ ሊመልሰው እንደማይችል ተናገረ። በመጨረሻም ንጉሡ የፍላቭያኖስን ልመና ሰምቶ ማረ፤ ሽማግሌው ጳጳስም ከመንጋው ጋር ፋሲካን አከበረ።

ዮሐንስ በ398 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በ404 ዓ.ም. ግን ተሰደደ። ያን ጊዜ ሌላውን ያስተማረበት ትምህርት በራሱ ላይ ተፈተነ። በአርመንያ በኩኩሶስ ሳለ፥ ታሞና በብርድ ተጨንቆ፥ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስና ለሌሎች የማጽናኛ መልእክት ይጽፍ ነበር፤ ራሱን ያልበደለውን ሰው ማንም ሊጐዳው እንደማይችልም አስተማረ። በ407 ዓ.ም. ወደ ሩቅ አገር ሲወስዱት በኮማና ዐረፈ። አጽሙም በ438 ዓ.ም. በክብር ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ።

እንግዲህ እኛ፥ ካህናትም ምእመናንም፥ ቤቱ የፈረሰበት፥ ከቀዬው የተሰደደ፥ ነገ የሚሆነውን የማያውቅ ወንድም በፊታችን ሲቆም፥ የማናውቀውን ቀን ቈርጠን ተስፋ አንስጠው። አስቀድመን አብረነው እንዘን፤ ቀጥሎም ማንም ሊወስድበት የማይችለውን ክብሩን እናሳስበው፤ ዛሬ ሊሠራው የሚችለውንም በጎ ሥራ እናመልክተው። የአንጾኪያው ቄስ እንዲህ አድርጎ መንጋውን ወደ ፋሲካ አድርሷልና። በረከቱ ትድረሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።